የማሽላ ሽልማት

ሐዊ በቴክሳሷ ኧርቪንግ ከተማ ለአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስታስተረጉም እንደ እኒያ ሴትዮ ያለ ባለጉዳይ አላጋጠማትም። በፈረንጆቹ 2008 በየሐሙሱ፣ ከኤርፖርት በቀጥታ፣ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በዊልቸር የሚገፉበትን ዩኒፎርም እንደለበሱ ይመጡ ነበር። ቦርሳቸውን መሬት አያስቀምጡም። ውስጡ ድርቅ የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በማውጣታቸው አገር ቤት የተሸለሙበት የምስክር ወረቀት አለ።

ጠበቃው፣ «ለግሪን ካርድ ማመልከቻው ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ማን እንደዳኘና ስንት ሰው እንደተወዳደረ ማስረጃ ያስፈልጋል» ሲል ሐዊ አንገቷን ደፍታ ተረጎመችላቸው። እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም።

«እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ዘር ስመርጥ በወሬ አላምንም ነበር።»

ከአራቱ ዳኞች ሁለቱ ሞተዋል። የቀሩትን ፍለጋ አምስት ወር ሙሉ በብሬክ ሰዓታቸው ሲደውሉ ከረሙ። በመጨረሻ አንደኛው ዳኛ የውድድሩን ቃለ ጉባኤ ላኩላቸው፤ ስልሳ ሦስት ተመራማሪዎች ተወዳድረው አንደኛ የወጡት እሳቸው ነበሩ።

ማመልከቻው አፕሩቭ የሆነ ዕለት ሐዊ ደብዳቤውን በአማርኛ አነበበችላቸው። «ልዩ ችሎታ ያላቸው» የሚለው ጋ ስትደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እስቲ እሱን ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

ደገመችላቸው። ፊታቸው በራ።

«ሶ፣ አሁን ምን ሊያደርጉ አሰቡ?» አለቻቸው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በመንገድ ሳልፍ የቴክሳስን ማሽላ ሳይ ነው የኖርኩት» አሉ። «ቁመናው ያምራል፤ ድርቅ ሲመጣ ግን አይችልም። ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ። አሁን ለገበሬዎቹ እነግራቸዋለሁ።»