ድንጋይ ይዤ ወደ ኡስተር

ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር፣ ጠዋት

ዛሬ ከጄኔቭ የተነሳሁት ለሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ናሆም የሰው ሞተር ሳይክል ሰርቆ ከግንብ ጋር ካላተመ በኋላ፣ ኡስተር አካባቢ ወዳለ የታዳጊ ጥፋተኞች ማረሚያ ትምህርት ቤት ተልኳል። ፋሲካን እናቱ ጋ እንዲውል ይፈቀድለት እንደሆነ የሚወሰነው ዛሬ ነው፤ የሞተሩ ባለቤትም ተገኝተው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከተሰደድኩ ወዲህ ማንም ለሽምግልና ልኮኝ አያውቅምና ደስታዬ ልክ አጣ! ከሐይቁ ዳር ደህና ድንጋይ መርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ተበዳይ "አውርድ" ካለው ነገሩ አለቀ።

ባቡሩ በሐይቁና በወይን ተክሉ መካከል ይበራል። የሳንድዊቹን ዋጋ አይቼ የራሴን ዳቦ በላሁ።

አልትሽቴተን

እህቴ እመቤት፣ የናሆም እናት፣ ከጽዳት ሥራዋ ወጥታ ጣቢያው ላይ ጠበቀችኝ። ቦርሳዬን ልትቀበለኝ ስትል ክንዷ ወረደ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

ነገርኳት።

"በስመ አብ! ሰዎቹ ምን ይሉናል?"

"አንቺ ዝም ብለሽ እይ።"

ኡስተር

በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ጠባቂው አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ እኔን ያያል። እኔ ጀርመንኛ አልችል፤ እመቤት ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። በመጨረሻ ድንጋዩን ራሱ ይዞ ወደ ዳይሬክተሯ ወሰደን።

ኮሪደሩ ላይ የድሮ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ራሳቸውን የተላጩ ልጆች በእንጨት ጫማ ተሰልፈዋል። በዚያ ዘመን ዳቦ የሰረቀም ወደዚህ ይላክ እንደነበር ዳይሬክተሯ ነገረችን፤ እመቤት ተረጎመችልኝ። አንጀቴን በሉት።

ወደ ስብሰባው ክፍል ገባን፤ ናሆም ቁመቱ እኔን አልፏል። የሞተሩ ባለቤት፣ ሸበቶ ሰው፣ ክንዳቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ናሆም እየተረጎመ ሥርዓቱን አስረዳሁ። መሀል ላይ አቋረጠኝ።

"ሞመንት፣ ቆይ ጋሼ። የሚሸከመው ማን ነው? አንተ ነህ?"

"እኔ ምን በደልኩና?"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ ተነስቶ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ሰውየው ዞረ። በጀርመንኛ የተናገረውን ማንም አልተረጎመልኝም፤ ድምፁ ሲሰበር ግን እኔም አለቀስኩ። ሰውየው ግራ ተጋብተው እመቤትን አዩ።

"'አውርድ' ማለት ነው የሚጠበቅብዎ" አለቻቸው በቋንቋቸው፣ ኋላ እንደነገረችኝ።

አላሉም። ተነስተው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከትከሻው ራሳቸው አወረዱት። ሥርዓቱ እንዲህ አይደለም፤ ማን ደፍሮ ያርማቸዋል! ከዚያ ለዳይሬክተሯ አንድ ቃል ተናገሩ፤ እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እመቤት እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ለፋሲካ ይምጣ አሉ፣ ጋሼ!"

ጄኔቭ፣ ማታ

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ልመና አንዲት ቃል ሳልጠቀምበት ቤቴ ገባሁ። ሽማግሌ ድንጋዩን አቅርቦ ዞር ማለት እንዳለበት የተማርኩት ዛሬ ነው። ቦርሳዬም ባዶ ነው፤ ድንጋዩን ሰውየው ለምነው ወስደውታል።