ለወንድም የተተወ ቦታ

ሰርካለም ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ይህን ማውራት ባልከበደ ነበር። አሜሪካ አገር አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ በየማለዳው በሜትሮ ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እየሄደች ጣሊያናዊውን አባባ ፓስኳሌን ተቀጥራ ታስታምማለች። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ልባቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን አልደከመም።

ጣሊያን አገር የመንደራቸው ወጣቶች የድሮውን የስንዴ አጨዳ ዘፈን በዘመኑ መሣሪያ ቀርጸው ላኩላቸው። ቁርስ ላይ ሰርካለም በስልኳ ስትከፍትላቸው መጀመሪያ ሳቁ።

«በዚህ ሁሉ ጊታር ማን ያጭዳል? ይጨፈራል እንጂ!»

ወዲያው የታናሽ እህታቸው የአሱንታ ድምፅ መጣ፤ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እናታቸው ስትሞት ለቀብር ባለመሄዳቸው አሱንታ ተቀይማ ሃያ ዓመት አላናገረቻቸውም። ዘፈኑ የቅብብል ነው፤ እህት ትጠይቃለች፣ ወንድም ይመልሳል። አሱንታ የራሷን ዘፍና ለቀራጮቹ «የእሱን ቦታ ክፍት ተዉለት» አለቻቸው። እርቅ መላኳ ነበር።

ፓስኳሌ እንደ ተማሪ ያጠኑ ጀመር። ሰርካለም ገላቸውን ስታጥባቸው ይዘፍናሉ፣ ክኒን ስታቀብላቸው ይዘፍናሉ። እሁድ በስልክ ሊቀረጹ ተቀጠረ።

ረቡዕ ጠዋት የአሱንታ ልጅ ኤሌና ለሰርካለም ደወለች። «እናቴ እየደከመች ነው፤ ለእሁድ አትደርስም። የአጎቴን ድምፅ አሁኑኑ መስማት ትፈልጋለች። አገናኚን።»

ሰርካለም ደነገጠች። በእኛ ዘንድ በልብ ሕመምተኛ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ ዱብ አይደረግበትም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። «ተኝተዋል» አለች፤ እሳቸው ግን ሳሎን ተቀምጠው እያንጎራጎሩ ነበር። ከዚያ ጓደኛዋን ብሩክታይትን አማከረች።

«እንዳትነግሪያቸው!» አለቻት ብሩክታይት። «ሀርት ፌይለር፣ የልብ ድካም አለባቸው አላልሽኝም? ልጃቸው ቅዳሜ ይመጣ የለ፤ እሱ ሃንድል ያደርገዋል፣ ራሱ ይንገራቸው።»

ኤሌና ሦስት ጊዜ መልሳ ደወለች። ሰርካለም ሦስቴም አላነሳችም። ሐሙስ መልእክት መጣ፤ አሱንታ አርፋለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «‹እርቄን አልተቀበለኝም› እያለች ሞተች።»

ቅዳሜ ማለዳ ልጃቸው ሞቷን ሰምቶ ደረሰ። ሰርካለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከአጠገባቸው ቆመች፤ መርዶው ሲነገር አለቀሰች። ፓስኳሌ አላለቀሱም። ልባቸውም አልቆመም፤ የተፈራው ሁሉ አልሆነም።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ሐሙስ» አለ ልጃቸው።

ወደ ሰርካለም ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

እግራቸው ላይ ወደቀች። «ረቡዕ ደውለው ነበር አባባ። ድምፅዎን ልትሰማ ፈልጋ ነበር። እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

«ሳልመልስላት ስቀር ምን አለች?»

መዋሸት ካስፈለገ ሰዓቱ አሁን ነበር። «በሰላም አንቀላፋች» ማለት ይበቃ ነበር፤ ማን ይጠይቃታል? ምስኪን፣ መደበቋ ያመጣውን አይታ ፈራችና እውነቱን ነገረቻቸው፤ የመልእክቱን መጨረሻ ሳታስቀር።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሌላ አስታማሚ ፈልግልኝ» አሉት። ሰርካለም ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ ጠሯት።

«ልቤ እንዳይቆም ብለሽ ነው አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«እየዘፈንኩላት ቢቆም ምን ነበረበት?»