ዓሣው በሕይወት እንዲደርስ

መምህር ረጋሳ ዳበሳ የተቀበሩ ዕለት የተነበበላቸው የሕይወት ታሪክ ዘጠኝ መስመር ብቻ ነበር። ቆሜ ቆጥሬዋለሁ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ለሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተማሩ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ነበሩ፤ በቃ። ሕዝቡም አሜን ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እኔ ግን ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። የአንድ ሰው ዕድሜ እንዲህ ተጨምቆ፣ የሚያሳፍረው ሁሉ ወጥቶለት፣ የመንግሥት ነውር ደግሞ ከነጭራሹ ሳይነሳ መቅረት አለበት? የለበትም። የቀረውን እኔ እጽፈዋለሁ። በዚያን ጊዜ በአሶሳው ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ስለነበር አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ራሱ ነግሮኛል። «እሱ» ማለቴን ዘመዶቹ አይቀየሙኝ፤ የማወራው ስለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው።

ረጋሳ የቤጊ ልጅ ነው። አባቱ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ልጃቸው ሰባኪ እንዲሆን ፈልገው እሱ ዓሣ መረጠ። አዲስ አበባ ተምሮ አሶሳ ሲመደብ ሌላው አስተማሪ ሁሉ ዝውውር ይጠይቃል፣ እሱ ግን ወንዙ የት እንደሆነ ነበር የጠየቀው።

ዳቡስ ወንዝ ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚሉት አለ። አንዳንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ አንዳንዱ ስስ። መጻሕፍቱ አንድ ዘር ነው ይላሉ። ረጋሳ አላመነም። «መልክ ይዋሻል» ይለኝ ነበር፣ «ክሮሞዞም ግን አይዋሽም።» ክሮሞዞም የሚላቸው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሆነው ዘርን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያሻግሩትን ክሮች ነው። ሥራው እነሱን መቁጠር ነበር። ደህና አድርገው የሚታዩት ሕዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል ስለሆነ፣ ዓሣው ነፍሱ ሳትወጣ አንድ መድኃኒት ይወጋና ሕዋሱ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። የሞተ ዓሣ ለዚህ ሥራ አይረባም። ነጭ ዓሣ ደግሞ ከወንዝ ከወጣ ቶሎ ነው የሚሞተው። ረጋሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባምባሲ ማዶ ካለው ወንዝ እስከ አሶሳ ድረስ፣ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን በጉልበቶቹ መሐል ይዞ፣ አየር እንዲገባለት ውሃውን በእጁ እየመታ ያመጣው ነበር። ከዐሥሩ ዘጠኙ መንገድ ላይ ይሞቱበታል። ተማሪዎቹ «የዓሣ ሞግዚት» ይሉታል። ይሰማል፣ ይስቃል።

አዲስ አበባ የነበሩ አስተማሪው «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አርባ ጥሩ ስላይድ ይዘህ ና፤ ሁለተኛ ዲግሪህን እዚሁ ትሠራለህ፤ ከታኅሣሥ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ብለው ጻፉለት። ይህ በ1978 ክረምት ነው። ደብዳቤውን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። እጁ ላይ የነበረው ስላይድ፣ ሕዋሱ ተለጥፎበት በማይክሮስኮፕ የሚታየው ስስ መስተዋት ማለቴ ነው፣ ዐሥራ ስድስት ብቻ ነው፤ ይባስ ብሎ መድኃኒቱ አለቀ።

አሁን ወደ ሠፋሪዎቹ ልምጣ። ያን ጊዜ ከወሎ የመጣውን ሕዝብ ያላየ አያውቀውም። በድርቅ የተጎዳ ሰው በአውቶቡስና በጭነት መኪና እየተጫነ መጥቶ፣ ስም እንኳ ባልወጣላቸው፣ በቁጥር በሚጠሩ አምባዎች ላይ ተራገፈ። መሬቱ ለም ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው ተባለ። ለም ነዋ! ግን የትኛው ቅጠል ይበላል፣ የትኛው ይገድላል ብሎ የነገራቸው የለም። ዶማ ሰጧቸው፣ መፈክር አስጠኗቸው፣ ራሽኑን ደግሞ በፈለጉት ሳምንት አመጡት፣ ባልፈለጉት ሳምንት ተዉት።

ከአምባዎቹ አንዱ ረጋሳ ወደ ወንዝ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነበር። የአምባው ካድሬ «ጓድ መምህር፣ እግረ መንገድህን ዓሣ መብላት አስተምርልን» አለው። ደጋ ላደገ ሰው ዓሣ ምግብ አይደለም። ያውም ረጋሳ ያመጣው አምባዛ! ቅርፊት የለው፣ ጢም ያለው፣ እንደ እባብ የሚሙለጨለጭ። የመጀመሪያው ቀን ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ እያየ አንድም የሚጠጋ ጠፋ። በመጨረሻ ውድነሽ የምትባል፣ የአንለይ ሚስት፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ ጠጋ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሽማግሌ ነው» አለች። «ሆዴ ገብቶ ምክር ቢጀምርስ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከመጡ ጀምሮ እንዲያ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ጨው ተሸክሜለት ሄጄ ነበር።

ረጋሳም «መጀመሪያ እኔ እበላለሁ» አለ። «እዚሁ አድራለሁ። ነገ ደኅና ሆኜ ካያችሁኝ እናንተ ትበላላችሁ።» በላ፣ አደረ፣ ደኅና ሆኖ ተነሳ። ውድነሽ ሁለተኛዋ በላች። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ አምባው በሙሉ ዓሣ በላተኛ ሆነ፤ የሚያጠምዱ ወንዶች ወጡ፣ የልጆቹ ጉንጭ ሞላ። ከዚያ በኋላ ረጋሳ ምን ይዞ ቢመጣ ጥያቄ የለም። ጎመን መሳይ ቅጠል አሳያቸው፣ በሉት። እንጉዳይ ለይቶ ሰጣቸው፣ በሉት። ከመምህሩ ከረጢት የወጣ ይበላል፤ ሃይማኖት የመሰለ እምነት ነበር። ያመጣው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

መስከረም ላይ ረጋሳ ላለቀው መድኃኒት መላ አገኘ። በአገሩ ጫካ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው፣ በቅጠሉ ጫፍ ሌላውን ተክል እየጨበጠ የሚወጣ ሐረግ አለ። መድኃኒቱ በዚህ ሐረግ ሥር ውስጥ እንደሚገኝ መጽሐፍ ላይ አንብቧል። ሥሩ እንደ ስኳር ድንች የወፈረ ነው፤ መርዝ መሆኑንም ያውቃል። ጥቂት ቆፍሮ ሞከረ፤ ሠራለት። ኅዳር መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለሚቀጥሉት ሳምንታት የሚሆን ግማሽ ከረጢት ቆፈረ። በዚያው ቀን መረቡ ሰባት ነጭ ዓሣ ያዘለት፤ አራቱ ወፍራም ከንፈር። አምባው ሲደርስ የአሶሳው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውሃው ፊት አውጥተው ይተነፍሳሉ። ከረጢቱንም ጄሪካኑንም ይዞ መሮጥ አልቻለም።

«ውድነሽ፣ ይቺን አስቀምጪልኝ፤ ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ይሁን ጋሼ። ምንድን ነው?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ!» ብሎ ሮጠ።

በቃ፣ ይኸው ነው። «መርዝ ነው» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አንድ። ያቺን አንድ ሰከንድ ለዓሣው ሰጣት።

ከሰባቱ አምስቱ በሕይወት ደረሱ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከማይክሮስኮፑ ላይ አልተነሳም። ስላይድ እያጠብኩ አቀብለው ነበር። ክሮቹ እንደ ተበተነ ጤፍ ጥርት ብለው ወጡ። «ና እይ! ና እይ! ከመቶ በላይ ናቸው፤ የወፍራሙም የስሱም ተለይቷል!» ብሎ አንገቴን ይዞ አጎነበሰኝ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም።

በዚያው እሑድ አምባው ውስጥ ራሽን ከቀረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ውድነሽ ከረጢቱን ከፍታ አየች። አደራ ነውና አንዲት ፍሬ አልነካችም። ነገር ግን ሥሩ ላይ የቀረውን ሐረግ አወቀችው፤ ከቤቷ ጀርባ ሞልቷል። መምህሩ የተሸከመው ነገር ምግብ ካልሆነ ምን ይሆናል? ዶማዋን ይዛ ወጣች፣ የራሷን ቆፈረች፣ ቀቀለች። ልጆቿ ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ መታቻቸው። «መጀመሪያ እኔ» አለች። «እስኪመሽ ደኅና ከሆንኩ ትበላላችሁ።» ልክ እንደተማረችው። በላች፣ ክዳን ከደነችበት፣ ጠበቀች። ቀኑን ደኅና ዋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማስታወክ ጀመራት።

ሰኞ ረጋሳ እያፏጨ ሲደርስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኛት። የድስቱን ክዳን ከፍቶ አየና ሁሉን ተረዳ። ጤና ረዳቱ እጁ ላይ የነበረው የወባ ክኒን ብቻ ነው። ውድነሽ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቃት።

«ጋሼ፣ የእርስዎን አልነካሁም» አለች። «ከጫካ ነው የቆፈርኩት። ይቁጠሩት።»

«አውቃለሁ ውድነሽ። አውቃለሁ።»

«ይቁጠሩት እንጂ።»

ቆጠረላት። ሠላሳ አራት ነበር። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሞተች። ልጆቹን ምንም አልነካቸውም፤ የእነሱ ድርሻ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ነበር።

ረጋሳ ከቀብር መልስ በቀጥታ ባምባሲ ገበያ ሄዶ፣ ባምያ ለምትሸጥ ጣሂራ ለምትባል የበርታ ሴት ሥሩን አሳያት። እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ? ይሄ ሰው ይገላል። የኛ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፍየል እንኳ አይበላም።»

«ታዲያ ለሠፋሪዎቹ ለምን አልነገራችሁም? አንዲት ሴት በልታው ሞተች።»

«ማን ጠየቀ?» አለች ተቆጥታ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ። «መኪና መጣ፣ ሰው አወረደ፣ የኛ ማሳ ላይ ቤት ሠራ። ወላሂ አንድ ሰው መጥቶ ‹ምን ያውቃል አንተ› ብሎ አልጠየቀኝም። ያ ሴት ቢጠይቅ እኔ ይናገር ነበር።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አላህ ይርሐማት» አለች።

የግማሽ ሰዓት መንገድ! የሚያድናት ዕውቀት ከቤቷ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ሺህ ሰው አምጥቶ የሚያሰፍር መንግሥት፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ማስተዋወቅ አቃተው? አላቃተውም፤ አላሰበውም።

ካድሬው ረጋሳን ቢሮው ጠራው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው ሟች በወባ እንደሞተች የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ፤ ሁለተኛው ለአዲስ አበባ ትምህርት የጠየቀው ፈቃድ፣ ያልተፈረመ።

«ጓድ መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አለው። «ይቺን ፈርም፣ ያቺን እፈርማለሁ።»

«ወባ አይደለም። ሥሩ በየአምባው ጓሮ አለ፤ ለሁሉም መነገር አለበት።»

«ሠፈራው በመርዝ የተከበበ ነው ብለህ ልታውጅ? ያውም መርዙን በከረጢት ተሸክመህ ያመጣኸው አንተ! ወህኒ ላስገባህ ብል ማን ያስጥልሃል?»

«ማንም» አለ ረጋሳ። «ጻፈውና እፈርማለሁ። ከረጢቱ የኔ ነው ብለህ ጻፍ።»

ካድሬው አልጻፈም፤ ቢጽፍ ውድነሽ በወባ አልሞተችም ማለት ይሆንበታል። ፈቃዱን ግን መሳቢያው ውስጥ መልሶ ቆለፈበት።

ረጋሳ በየአምባው እየዞረ ለመናገር ወሰነ። ከዚያ በፊት ግን የውድነሽ ባል አንለይ ዘንድ ሄደ። ይህን የነገረኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

አንለይ ደጃፉ ላይ ነበር። «ከረጢትዎ እንዳለ ነው፤ ይውሰዱልኝ» አለው።

«ጋሽ አንለይ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«ቁጭ ይበሉ።» ተቀመጠ። «ለምን አልነገሯትም?»

«መኪናው ሊሄድብኝ ሆነ። ዓሣው እንዳይሞት ቸኮልኩ።»

«ደረሰ? በሕይወቱ?»

«ደረሰ።»

አንለይ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። ልጆቹ ከውስጥ ያወራሉ። «እንኳን ደረሰ» አለ በመጨረሻ። ከልቡ ይሁን ከምሬቱ፣ ረጋሳ እስኪሞት ድረስ አላወቀም።

«በየአምባው ልናገር ነው። የሰው ስም ካልጠራሁ አያምኑኝም። ስሟን ልጥራ?»

«ይጥሩ» አለ አንለይ። «ግን ሞኝ ነበረች እንዳይሉብኝ።»

ታኅሣሥን በሙሉ በእግሩ ዞረ። ሐረጉን ከነሥሩ ይዞ፣ አንዳንድ ቀን ጣሂራን አስከትሎ፣ ካድሬ ባለበት አምባ ሲባረር በማሳው በኩል እየገባ። የክፍል ሰዓቱን በመተው ከደመወዙ ተቀጣ። ስላይዶቹ አርባ አልሞሉም፤ ሃያ ሰባት ላይ ቆሙ። በታኅሣሥ የመጨረሻ ቀን፣ አዲስ አበባ ቦታው ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ ረጋሳ ዐሥራ አንደኛው አምባ ውስጥ ግራር ሥር ቆሞ ነበር። አብሬው ነበርኩ። ሰዉ ከተሰበሰበ በኋላ ሐረጉን ከፍ አድርጎ አሳየና ንግግሩን እንደ ሁልጊዜው ጀመረ፦

«ውድነሽ የምትባል ብልህ ሴት ነበረች። ይሄን በልታ ሞተች። ይሄ መርዝ መሆኑን እያወቅሁ ያልነገርኳት እኔ ነኝ።»