ከሙዱላ መልእክት የምትልክ ሳጥን

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሆሳዕና

ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። አባቴ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ዛሬ ሥራው ከሙዱላ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ትምህርት ስለተዘጋ እኔም አብሬው አለሁ! ጭኔ ላይ ደብተር የምታክል ሳጥን ይዣለሁ። ሲም ካርድ አላት። የጤና ጣቢያው መብራት ሲጠፋ ወይም መጠባበቂያ ባትሪው ሲደክም፣ ሆሳዕና ሆኖ ለሚጠብቀው አባቴ በስልክ መልእክት ትልካለች።

ባለፈው ወር ባትሪው ማንም ሳያውቅ አልቆ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ክትባት ተበላሽቷል። ዛሬ ካልተስተካከለ ፍሪጁ ወደ ዱራሜ ይወሰዳል። እናቶች ለክትባት ልጅ አዝለው እዚያ ድረስ ሊጓዙ ነው።

"አንተ ቤትህ ተቀምጠህ ባትሪውን ካየኸው፣ እኔ ማንን ላመላልስ ነው?" አለ ሹፌራችን ጋሽ ላምቦሬ።

"ባትሪ በስልክ አይቀየርም፤ አይዞህ" አለው አባቴ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ዱራሜ

አንጋጫን በጭጋግ አለፍናት። ግራና ቀኝ እንሰት፣ ቀይ አፈር፣ ባህር ዛፍ። ዱራሜ ላይ ትኩስ ዳቦና አራት ሙዝ በሃምሳ ብር ገዛሁ። ዝንጅብል የሚመረትባት ሐደሮ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ሳይቀር ሽታው ደረሰን።

6 ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው

ነርሷ ሲስተር ወርቅነሽ በር ላይ ጠበቀችን። አባቴ አዲስ ባትሪና ሳጥኗን ገጠመ፤ እኔ ስልኩን ያዝኩ። ጢው! መብራት አለ፣ ባትሪው ሙሉ ነው ይላል መልእክቱ። ጮኼ ዘለልኩ።

8 ሰዓት ላይ ሰማዩ ነጎደ። ጢው! መብራት ጠፍቷል። አባቴ የተሳሳተች መስሎት ሳጥኗን መፍታት ጀመረ። እኔ በመስኮት አየሁ።

"አባዬ፣ ፊት ለፊት ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ከፍቷል'ኮ! የጠፋው እኛ ጋ ብቻ ነው እንዴ?"

ወጥተን ስናይ፣ ዘበኛው ጋሽ ሎምቤ የዝናብ ልብስ ለብሰው ቆጣሪው ሥር ቆመዋል።

"አጠፋሁት" አሉ ኮራ ብለው። "ነጎድጓድ ሲመጣ ሁሌ አጠፋለሁ። እኔ እያለሁ እዚህ ግቢ መብረቅ አይገባም!"

"መቼ ነው የሚያበሩት?" አለ አባቴ።

"ሲያባራ ነዋ።"

"በክረምት እኮ ሁለት ቀንም አያባራም!" አለች ሲስተር።

ጋሽ ሎምቤ ፍሪጁ ያለበትን ክፍል አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። "ለካ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?"

አባቴ አልተቆጣም፤ መብራቱን መልሶ አበራ። የመብረቅ መከላከያ እንደገጠመ አሳያቸውና የእሳቸውንም ስልክ ቁጥር ሳጥኗ ውስጥ አስገባ፤ መልእክቱ ለሁለቱም እንዲደርስ።

"ፍሪጁን እስከ ነገ ጠዋት አየዋለሁ" አለች ሲስተር። "ከቆመብኝ ወደ ዱራሜ እልከዋለሁ።"

ምሽት 2 ሰዓት፣ ሆሳዕና

ቤት ደጃፍ ላይ ደረስን። ጢው! መብራት ጠፍቷል።

አባቴ ሊደውል ስልኩን አነሳ። ቁጥሩን ሳይነካ ስልኩ ራሱ ጮኸ።

"እኔ አልነካሁም! ሙዱላ በሙሉ ጨለማ ነው!" ጋሽ ሎምቤ ናቸው።

"ፍሪጁስ?"

"ቆይ፣ ላስጠጋልህ።"

እኔ፣ አባቴና ጋሽ ላምቦሬ በስልኩ ዙሪያ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን፣ ትንፋሻችንን ይዘን፣ ሙዱላ ያለው ፍሪጅ በባትሪው እምምም ሲል አዳመጥን።