ቁም የተባለው ብስክሌተኛ

የሆነው በ1958 ዓ.ም. በበጋ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬም ተክሌ የሚባል ስም ስሰማ ቀና ብዬ አያለሁ። ልጄን ያተረፈልኝ ሰው ስም ነውና።

በዚያ ሰሞን፣ በየከተማው እያደሩ የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጎጃም በኩል ያልፋሉ ተባለ። ከደብረ ማርቆስ ወጥተው፣ እንጅባራን አልፈው፣ እኛ ዘንድ ዳንግላ ያድራሉ። ወሬያቸው በሬዲዮ ይመጣል፤ የቀረውን የአውቶቡስ ሾፌሮች ያመጡታል። ማን ቀደመ፣ ማን ወደቀ ከማለት በቀር ሌላ ወሬ ጠፋ።

ልጄ ይግዛው በረንዳችን ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሱ የስፌት መኪና ነው። ከብስክሌተኞቹ መካከል እሱ የካሳ ወገን ነበር። ጎረቤታችን ባለጋሪው አንሙት ደግሞ የተክሌ ወገን። ካሳንም ሆነ ተክሌን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

የሚያመዛዝኗቸው እንደ ፈረስ ነበር።

“ካሳ ዳገት ሲያገኝ ይብስበታል” ይላል ይግዛው። “ያንተ ተክሌ ለሜዳ ብቻ ነው።”

“ስለ ጋሪ ፈረስ እኔን ጠይቀኝ” ይለዋል አንሙት። “ካሳ ሲባል ስሰማ ልጓም ላጠልቅለት ያምረኛል። ተክሌ የጉግስ ፈረስ ነው። አንዴ ከተወረወረ አቧራውን እንጂ እሱን አታየውም።”

መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር። ኋላ ሳቁ ቀረ። የአንሙት ጓደኞች ባለጋሪዎቹ ሊያሰፉ የሰጡትን ጨርቅ ሁሉ መልሰው ወሰዱ። አንድ ቀን ይግዛውና አንሙት መቀስ ሲነጣጠቁ ደረስሁ።

“ለማታውቁት ሰው ልትተላለቁ ነው?” አልኋቸው። የሰማኝ የለም።

የሚመጡበት ዕለት ሕዝቡ ከከተማው መግቢያ ወጣ። እኔም ልጄን ፍለጋ ወጣሁ። ብዙ ከቆየን በኋላ በሩቁ አቧራ ታየ። አንድ ሰው ብቻውን ቀድሞ መጣ። ፊቱ በአቧራ ነጥቷል። ቀድሞን የደረሰ የአውቶቡስ ሾፌር የሚመራው ተክሌ ነው ብሎ ነበርና፣ ባለጋሪዎቹ “ተክሌ! ተክሌ!” እያሉ ዘለሉ። አንሙት ወደ ልጄ ዞሮ፣ “የት ቀረ ያ የጋሪ ፈረስህ? ሣር እየጋጠ ነው?” አለው።

ልጄ ዘሎ መንገዱ መካከል ገባ። እጁን ዘርግቶ “በጃንሆይ አምላክ ቁም!” ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ በዚህ ቃል የተጠራ ሰው ይቆማል። የሚጣላ ዱላውን ያወርዳል፤ የሚሸሽም ካለበት አይነቃነቅም። ያልቆመ ንጉሡን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ተክሌም ለመቆም ሲል ብስክሌቱ በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተበት። ጉልበቱ ተላጠ። ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ማን ነው የጠራኝ? ምን በድዬ ነው?” አለ።

ልጄ የዘረጋውን እጅ አወረደ። የሚከሰው ነገር የለውማ። በዚህ መካከል ካሳ አለፈ። ሌሎቹም ተከታትለው አለፉ። ተክሌ አሁንም መልስ እየጠበቀ ቆሞ ነበር።

ከዚያ የባለጋሪዎቹ ድንጋይ መጣ። ይግዛው ሮጦ ቤት ገባ፤ እኔም ደርሼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርሁት። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይወርድ ጀመር።

“እትዬ፣ ያውጡት! የንጉሥ ስም ለምቀኝነት ይጠራል?” አለ አንሙት። “ካላወጡት ቤቱን በላዩ እናነደዋለን!”

የአንሙትን ልጆች ያዋለድሁ እኔ ነኝ። ድምፁን ስሰማ ግን የሚለውን እንደሚያደርግ አወቅሁ።

በጓሮ ወጣሁ። ድንጋይ አንሥቼ በአንገቴ ላይ አደረግሁ፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው። ብስክሌተኞቹ ወደሚያድሩበት ትምህርት ቤት ሄድሁ። ያስቆመው ልጅ እናት መሆኔን ሲያውቁ የተክሌ ጓደኞች “ውጪ!” ብለው ገፈተሩኝ። አልወጣሁም።

ተክሌ ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ ተቀምጧል። “ድንጋዩን ያውርዱት” አለኝ ፊቱን ሳይመልስ።

“ይቅር ካላልኸኝ አላወርድም።”

“እርስዎ ምን አደረጉኝ?”

“እሱን የወለድሁት እኔ ነኝ። ቤቴን ከበው ሊያቃጥሉብኝ ነው።”

የጉልበቱን ጨርቅ አጠበቀ። “ትቼዋለሁ” አለ። “ግን ዓይኑን ማየት አልፈልግም። እንዳያሳዩኝ።”

ድንጋዩን ራሱ አወረደልኝ። ከዚያም ሳልጠይቀው፣ እያነከሰ ተከተለኝ።

ሰዎቹ ሲያዩት ሊበቀል የመጣ መሰላቸው። “ተክሌ! ና፣ በሩን እንስበርልህ!” አለ አንሙት።

“የተቀደምሁት እኔ ነኝ። አንተ ምን ሆንህ?” አለው ተክሌ።

“አንተ ብትተወው እኔ አልተወውም!”

ተክሌ አልፎት ሄደ። በረንዳው ላይ ከልጄ የስፌት ወንበር ተቀመጠ። የማን ወንበር እንደ ሆነ አላወቀም። እኔም ውኃ አሙቄ እንደ እንግዳ እግሩን አጠብሁት። እሱ በተቀመጠበት ድንጋይ የሚወረውር አልተገኘም። እየተራገሙ አንድ በአንድ ሄዱ። አንሙት መጨረሻ ላይ ደጄ ላይ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ይግዛው ከበሩ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ተክሌ ቀና ብሎ በሩን አላየም።

አንሙት ከዚያ በኋላ በጋሪው አሳፍሮኝ አያውቅም። አልተቀየምሁትም ብል ውሸት ነው። ተክሌን ባሰብሁ ቁጥር ግን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ልጄን ሳይወደው አተረፈልኝ። ወዶ ማትረፍማ እናትም ታደርገዋለች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ብስክሌተኞቹ ሊነሡ ሲሰለፉ ሄድሁ። በሰው መካከል እየተጋፋሁ ወደ ተክሌ ስጠጋ አንሙት አየኝ።

“እናቲቱ ደግሞ መጣች! ያዟት፣ እንዳታስቆመው!” አለ። ሰዉ ሳቀብኝ።

ተክሌ ከብስክሌቱ ላይ ሆኖ ጎንበስ አለልኝ። “የክርስትና ስምህን ንገረኝ” አልሁት። በጆሮዬ ነገረኝ። ጥሩምባው ተነፋና ሄዱ።

እኔም ከዚያው ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ በጸሎት ስሙን ከይግዛው ስም በፊት እንዲጠሩልኝ ቄሱን ለመንኋቸው።