የተሠራበት አገር፣ መንዝ

ሐሙስ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት። ለንደን፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ባለችው የእትዬ ሱቅ የኋላ ክፍል ተቀምጠን ከበግ ጠጉር ባናዎች ላይ የተሰፋ የጨርቅ ምልክት እንፈታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ እዚያ አግዛት ነበር። እትዬ ዘመዴ አይደለችም፤ አርችዌይ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው እትዬ የምላት።

የባናዎቹን ጠጉር መንዝ ሆነው የፈተሉት እናቷ ናቸው። እትዬ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ትልቅ የብርድ ልብስ ሱቅ ባናዎቹን ሊወስድላት ተስማምቶ ነበር። የሱቁ ኃላፊ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም ይሰፋበት፣ ገዢንም የሚያሳስት ነገር አይኑርበት ብላ አስጠነቀቀቻት። እትዬ ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ የተሠራበትን አገር ጻፊበት።"

"የኔን አገር?"

"አዎ፣ ያንቺን አገር።"

እንግዲህ የእኛ ሰው "አገርህ የት ነው?" ሲባል ኢትዮጵያ አይልም። እናትየው የመንደሩን አስተማሪ በእንግሊዝኛ ፊደል አስጻፉና ቅርጹን እያዩ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠልፈው በየባናው ጥግ ሰፉት፦ ሜድ ኢን መንዝ። ኃላፊዋ ስታየው "ለወንዶች ብቻ ነው?" አለች። "መንዝ" በእንግሊዝኛ ሲነበብ "የወንዶች" ይመስላል። ይህ ምልክት ተነሥቶ ኢትዮጵያ የሚል ካልተተካ አልቀበልም አለች። ዕቃውን የሚጭነው መኪናቸው ዓርብ ረፋድ ላይ ሊመጣ ነው።

ስልኩ ሲጮህ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ናቸው፤ ሂትሮው አውሮፕላን ጣቢያ በጽዳት የሚሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ።

"አጠገብሽ ናት?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ዝም ብለሽ ስሚኝ። እናቷ ዐርፈዋል። ከአገር ቤት ለእኔ ደወሉ። ነገ በጠዋት ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ፊትሽ እንዳይናገር።"

"እሺ ጋሼ" ብዬ ዘጋሁ።

"ምን ፈለጉ?" አለች እትዬ፣ ከመርፌው ቀና ብላ።

"ስለ ማኅበሩ ነው።"

"አይ፣ ሊድሩሽ ነው። እንዲህ ደንግጠሽ ቀርተሽ ማኅበር ነው ትይኛለሽ?"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። መርዶ በጠዋት፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት እንጂ ሱቅ ውስጥ ከአንዲት ልጅ አፍ አይሰማም። ይህን አውቃለሁ። መቀሱን አንሥቼ የሚቀጥለውን ባና ሳብኩ።

"ይቺን እዪያት" አለችኝ አንዱን ጨርቅ ወደ አምፖሉ አዙራ። "ኤኑን አስተኝታ ዜድ አደረገችው፤ ዜዱን ደግሞ አቆመችው። ለእሷ አንድ ፊደል ናቸው፤ አንዱ የተኛ፣ አንዱ የቆመ።" ሳቀች። "እሑድ ስደውልላት ጉዷን ነው የምነግራት። ወንዶች ብለሽ ጽፈሽ የለንደንን ሴት አስቀየምሽ እላታለሁ።"

ስፌቱ ጥብቅ ነበር። እናትየው በጉዞው ላይ እንዳይላቀቅ ሰግተው ይሆናል፣ በየጥጉ ክሩን መልሰው መላልሰው ቋጥረውታል።

"እትዬ፣ ሳንፈታው አዲሱን ላዩ ላይ ብንሰፋስ?"

"ያብጣል። ይልቅስ ፍቺው። ዩኒቨርሲቲ ስፌት መፍታት አያስተምሩም?"

እሷ እየቀደደች ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው የቆሻሻ ከረጢት ትጥልና ኢትዮጵያ የሚለውን አዲሱን ጨርቅ በቦታው ትሰፋለች። እኔ ክር በክር እየፈታሁ ሰዓቱን እገፋለሁ። ሱቁ ሲዘጋ ገና ያልተነኩ ባናዎች ቀርተው ነበር። "ጠዋት ቀድሜ ገብቼ እጨርሰዋለሁ" አለች። ቆሻሻውን እኔ ልጣል ብዬ ከረጢቱን ተቀበልኳት። ቤቴ ገብቼ ነጫጭ ጨርቆቹን ከክር ቁርጥራጩ ለየሁና በመሐረብ ቋጠርኳቸው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጋሼ፣ ቄሱና ጎረቤቶች ደጇ ላይ ተሰበሰብን። በሩን የከፈተችው ካፖርቷን ለብሳ፣ የሱቁን ቁልፍ በእጇ ይዛ ነው። ቄሱን አየች፤ የሴቶቹን ጥቁር ነጠላ አየች።

"እማዬ ናት?" አለች።

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ውስጥ ካስገቧትና ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ።

"ትናንት ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"የእጇን ሥራ ስቀድ ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

መሐረቡን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። ፈታችው። አንዱን ጨርቅ አንሥታ በአውራ ጣቷ የተኛውን ፊደል ደባበሰች። ከዚያ ወዲያ አላየችኝም።

የሱቁ ቁልፍ ኮሪደሩ ላይ ወድቆ ነበር። አንሥቼው በአውቶቡስ ወደ ሆሎዌይ ወረድኩ። የቀሩትን ባናዎች ዘረጋሁ፤ ምልክታቸውን ግን አልፈታሁም። አዲሱን ጨርቅ ከላይ አድርጌ፣ የእናትየው ስፌት ከሥሩ ተሸፍኖ እንዲቀር ዙሪያውን ሰፋሁት። እንዳለችው ትንሽ አበጠ። መኪናው ሲመጣ ሾፌሩ አንዱን ጥግ ዳሰስ አድርጎ አየኝ፤ ኢትዮጵያ የሚለውን አነበበና ጫነው።