ሰባ አራት ለዜሮ

ሃዋኒ ጉተማ ወንጪ ነው ያደገችው። ሐይቁን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ በፈረስ ቁልቁል ስታወርድ፣ አቀበቱን ደግሞ ልጓም ይዛ ስትወጣ፣ እግሯ እንደ ብረት ጠነከረ። አምቦ መጥታ ስፖርት ተማረች፤ እዚያው መምህር ሆነች። አንድ ቀን ለሥልጠና የመጡ ሰዎች ሞላላ ኳስ ይዘው ራግቢ ሲያሳዩ አየችና የሴቶች ቡድን አቋቋመች፤ ራሷም አብራ ትጫወታለች። ገሚሶቹ ተማሪዎቿ ናቸው። ባየሽ ከጌዶ በግ እያመጣች የምትነግድ ናት፤ ለሊሴ ባጃጅ ትነዳለች።

በ2016 ዓ.ም. ከናይሮቢ አንድ የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን እየዞረ ሲጫወት አምቦም ለመግጠም ተስማማ። የሃዋኒ ልጆች እርስ በርስ እንጂ ከሌላ ቡድን ጋር ተጫውተው አያውቁም ነበር።

ሜዳው ሞላ። ጨዋታው በተጀመረ ገና በሁለተኛው ደቂቃ እንግዶቹ መስመሩን ጥሰው ኳሷን መሬት አስነክተው ነጥብ አገኙ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው ጠፋ። እረፍት ሲወጡ አርባ አንድ ለዜሮ ሆኗል። ሕዝቡ ይስቃል።

የእንግዶቹ አሠልጣኝ በትሕትና ቀርባ፣ “ሁለተኛውን አጋማሽ እናሳጥረው? ወይም ተጫዋቾቹን እንቀላቅልና ለትምህርት እንጫወት” አለች።

የአምቦዎቹ ቡድን አስተባባሪ አቶ ምኞት እፎይ አለ። “ተቀበይ ሃዋኒ፣ በናትሽ። መሳቂያ ሆንን እኮ።”

“የሚስቅ ይሳቅ። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት ሊገጥሙን ነው። እስከ መጨረሻው እንገጥማቸዋለን።” ወደ ልጆቹ ዞረች። “የደከማት ካለች ትቀመጥ።”

አንዷም አልተቀመጠችም። ባየሽ ያበጠ ከንፈሯን በውኃ እያራሰች፣ “እኔ ሙክት ጥዬ የማላውቅ መሰላቸው እንዴ?” አለች።

ከእንግዶቹ መሃል አንዲት ግዙፍ ልጅ ነበረች፤ ያገኘችውን ሁሉ እየጠረገች ነው የምታልፈው። ዳግም ስትመጣ ሃዋኒ ዝቅ ብላ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ሃዋኒ ቀድማ ተነሳች። ሌላ ጊዜም ጣለቻት። ሳቁ ቀነሰ። እንግዶቹ ማግባታቸውን ግን አላቆሙም። መጨረሻ አካባቢ ለሊሴ ኳሷን ይዛ መስመሩ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ከእጇ አመለጠቻት፤ ፊሽካው ተነፋ።

ሞንታርቦ የሚያከራየው ወንድወሰን ማይኩን ይዞ፣ “ጨዋታው በወዳጅነት መንፈስ ተጠናቋል፤ እናመሰግናለን” አለ።

ሃዋኒ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች ወደ እሱ ሄደች። “ውጤቱስ?”

“ኧረ ተዪው! ምን ተብሎ ይነገራል?”

“ያየነው ይነገራል። ስጠኝ።” ማይኩን ተቀበለችው። መጀመሪያ በኦሮምኛ ቀጥላ በአማርኛ ተናገረች። “ሰባ አራት ለዜሮ ተሸንፈናል። ዳኛው አልበደለንም፣ ሜዳውም የራሳችን ነው፤ በጣም ስለሚበልጡን ነው። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ልምምድ አለን። ስትስቅ የነበረች ሁሉ ትምጣና ትሞክረው። ማሊያ ከእኛ።”

ከወንጪ ሊያያት የመጣው አባቷ ኦቦ ጉተማ ሜዳው ጥግ ጠበቃት። ጉንጯ ላይ ያለውን ቁስል አየና፣ “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ ተረግጠሽ ደግሞ ለአገር ታውጂዋለሽ?” አላት።

“ብደብቀው እናሸንፍ ነበር እንዴ አባዬ?”

አባቷ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ቅዳሜ አዳዲስ ልጆች መጡ። ከሁሉም በላይ ጮኻ ስትስቅ የነበረችው ሴናም መጣች፤ ከመኪና ላይ ድንች የምታወርድ የጎጆ ከተማ ልጅ ናት፣ ክንዷ ወፍራም። በመጀመሪያው ቀን ስትወድቅ ስትነሳ አረፈደች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉ ቀድማ የተገኘችው እሷ ነበረች።

በዓመቱ እንግዶቹ ተመለሱ። አምቦዎች እንደገና ተሸነፉ። ሴና ግን ሦስት ሰው እየጎተተች መስመሩን አለፈችና ኳሷ ላይ ተኛችባት። ዳኛው ነጥቡን አጽድቆ “ተነሺ” ቢላት እንኳ አልተነሳችም፤ እጇን ይዞ ራሱ አስነሳት።